ሕዳር ሠላሳ አንድ

በዚያ ዓመት መርካቶ የሞተ ሰዓት አስሮ በሚሄድ ሰው ተሞልታ ነበር። ጥቁር የላስቲክ ማሰሪያ፣ መሐሉ ላይ ግራጫ መስኮት፣ መስኮቱ ውስጥ ምንም። ሰው ግን አያወልቀውም። ስንት ሰዓት ነው ስትለው እጅጌውን በኩራት ይሰበስብና ባዶውን መስኮት ትኩር ብሎ አይቶ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ፀሐይዋን ተመልክቶ ይነግርሃል። ይህን በቀን ሃያ ጊዜ እያየሁ እበግን ነበር። ከሰዓቶቹ ብዙዎቹን የሸጥኩት እኔ ስለሆንኩ ደግሞ ለማን አቤት እላለሁ?

ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከሲኒማ ራስ ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ የመስታወት ሳጥናቸውን ግማሽ ለቀውልኝ ነበር። በእሳቸው ግማሽ የተከፈቱ የሚሞሉ ሰዓቶች፣ ወረንጦ፣ ስስ ካቻቪቴዎችና ቤንዚን ያለባት ብልቃጥ ይታያሉ። በእኔ ግማሽ ከጅቡቲ በድሬዳዋ በኩል በኮንትሮባንድ የሚገቡ፣ ዲጂታል የምንላቸው ባለ ቁጥር ሰዓቶች ተደርድረዋል። ከሳጥኑ በታች ደግሞ የግጥም ደብተሬ ነበር። ጋሼ ግጥሞቼን አይወዷቸውም። አንድ ጊዜ ስለቆመ ሰዓት የጻፍኩትን ሳነብላቸው በትዕግሥት አዳመጡና፣ «ሰዓት ይቆማል እንጂ አያለቅስም» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ጋሼ የደሴ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው አዲስ አበባ መጥተው ሙያውን ከአንድ አርመን ተምረው፣ አርባ ዓመት እዚያችው ጥግ ተቀምጠዋል። ደንበኛ ሁሉ የሚነገረው አንድ ነገር ነበር፤ ሰዓትህን ከሞላህ በኋላ ደወልም ስማ አዛንም ስማ፣ የምታምነው ግን ሰዓትህን ይሁን። እሳቸው ራሳቸው አምስቱን ሶላት በሚሞላ ሰዓታቸው ነበር የሚሰግዱት።

የጋሼን ሥራ ያደረቀው ነገር የተጀመረው አንዳችንም በማናውቀው አገር ነው። ጃፓኖች ሞላ የሌለው ሰዓት ሠሩ። ሆንግ ኮንግ ያንኑ እንደ ክብሪት አረከሰችው። ስዊስ አገር ደግሞ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሰዓት ጥርስና ሞላ ሲሠሩ የኖሩ ፋብሪካዎች በተራ በተራ ተዘጉ። ይህን ያወቅሁት ዕቃ ተጠቅልሎባቸው ከሚመጡ የእንግሊዝኛ መጽሔቶች ነው። እንግሊዝኛዬን ያስተማረኝ ምናለሽ ተራ የገዛሁት መዝገበ ቃላት ነበር፤ ከኤስ በኋላ ያሉት ገጾቹ ስኳር ሲጠቀለልባቸው አልቀዋል። ስለዚህ ስለ ዓለም ኢኮኖሚ የማውቀው እስከ ኤስ ድረስ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

ጋሼ መለዋወጫ ያዝዙበት ከነበረው የውጭ ድርጅት አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ። አነበብኩትና ፋብሪካው ተዘጋ አልኳቸው።

«ለበዓል ነው?»

«ለሁልጊዜ ነው ጋሼ።»

ደብዳቤውን ተቀብለው፣ ማንበብ እንደሚችል ሰው፣ ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ አጥፈው የሞላ ማስቀመጫቸው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። መሳቢያው ውስጥ ከደብዳቤው ሌላ የነበረው ጥቂት ነው። ፋብሪካው ባይዘጋም ኖሮ ለውጥ አልነበረውም፤ የውጭ ምንዛሪ የለም። የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ወረደ ተብሎ በሬዲዮ በተነገረ ቁጥር መርካቶ ውስጥ አንድ ነገር ይጠፋል። አንድ ጊዜ ሚስማር ጠፋ፣ አንድ ጊዜ የባትሪ ድንጋይ ጠፋ። ብራዚል ቡና ሲበዛ ለምን ተክለ ሃይማኖት ላይ ሰዓት እንደሚቆም ለጋሼ ላስረዳቸው ሞክሬ ነበር። ሰምተው ሲጨርሱ ብራዚሎቹን ማን አስቀየማቸው ብለው ጠየቁኝ።

የእኔም ሰዓቶች ቢሆኑ ዕድሜያቸው አንድ ዓመት ነው። ውስጣቸው ያለችው የአዝራር ያህል ባትሪ ስታልቅ መስኮቱ ይነጣል፤ በቃ። ኮንትሮባንዲስቱ ሰዓቱን እንጂ ባትሪውን አያመጣም፤ ሰው ክንዱ ላይ አስሮ ኬላ የሚያልፈው ሰዓቱን ነዋ። የሚሞላ ሰዓት የሚያሠራ ሰው ጠፍቶ፣ ዲጂታል የሚያሠራው ደግሞ ባትሪ ጠፍቶበት፣ ጋሼ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ወረንጦ ሲወለውሉ ይውላሉ።

ተስፋ የመጣው በሕዳር መጀመሪያ ነው። የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። መንግሥት የሰዓት ባትሪ ሊያስገባ ስለሆነ፣ ድርሻ የሚፈልግ ሰዓት ሠሪ እስከ ታኅሣሥ አምስት ቀን ድረስ ማመልከቻ ያስገባ ይላል። ለጋሼ አነበብኩላቸው። ይህ ከተሳካ እንደሚቆዩ፣ ካልተሳካ ግን ሳጥኑን ዘግተው ደሴ ልጃቸው ቤት እንደሚገቡ፣ ልጃቸው ከጠየቀቻቸው ሦስት ዓመት እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ ወረቀት እንዳልቆጥብ አዘዙኝ። ልጃቸው ደግ ናት፤ እሳቸው ግን የሰው ቤት ጥግ ቁጭ ብለው ፀሐይ የሚሞቁ ሰው እንዳልሆኑ ማንም ያውቃል።

ማመልከቻውን የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ ጥፋቱም እዚያው ተጀመረ። ማመልከቻ ሁለት መስመር ይበቃው ነበር። እኔ ግን ጽሕፈት ቤቱን የሚያስለቅስ ነገር ካልጻፍኩ አልኩ። አንድ ጊዜ «የጊዜ ጠባቂ» ብዬ ጀመርኩ፤ ሳነበው እንደ ዘበኛ ሆነብኝ። ሰረዝኩት። በሁለተኛው የዓለምን ኢኮኖሚ ከነብራዚል አስገባሁ። በሦስተኛው ብራዚልን አወጣሁ። ጋሼ በየቀኑ አለቀ ወይ ይሉኛል፤ እኔ በየቀኑ አንድ ቃል ይቀረዋል እላለሁ።

በዚሁ ወር አጋማሽ ላይ ደግሞ በራሴ የምኮራበት ነገር ፈጠርኩ። ዲጂታሉ ከጎኑ ያለችውን ቁልፍ ስትጫን ወርና ቀን ያሳያል። ያ የፈረንጅ ቀን ነው፤ ገዢው ደግሞ በፈረንጅ ቀን ምን ይሠራል? ስለዚህ በሀበሻ ቀን እሞላላቸው ጀመር። መስከረምን አንድ ብዬ ቆጥሬ ሕዳርን ሦስት አደረግሁት። ሰዓቱንም በእኛው አቆጣጠር ሞላሁት። ወሬው ጭድ ተራ ድረስ ደረሰ። ሰዓቱን ሀበሻ ያደረገው ልጅ ማነው እያሉ ይመጡ ጀመር።

ነገሩ ከዚያም አልፎ ክርክር አስነሣ። ጠዋቱን ኤ ኤም ብለህ ከሞላኸው ሰዓቱ ቀኑን የሚለውጠው ንጋት ላይ ነው፤ ገልብጠህ ፒ ኤም ብለህ ከሞላኸው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። ጋሼ ቀን የሚለወጠው ፀሐይ ስትገባ ነው፣ ጁምዓም የሚገባው ሐሙስ ማታ ነው አሉ። ከአጠገባችን ክርና አዝራር የሚሸጡት እትዬ፣ በጋሼ ሐሳብ ተስማምተው የማያውቁት ሴትዮ፣ በዚህኛው ተስማሙ፤ ቤተ ክርስቲያንም እንደዚያው ነው አሉ። የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ግን ሊገዛ መጥቶ፣ የመንግሥት ቀን የሚጀምረው ጠዋት ነው ብሎ ድርቅ አለ። ለእሱ በጠዋት ሞላሁለት። ለሌላው እንደ እምነቱ። ፈረንጁ አንድ ዓይነት ሰዓት ሠርቶ ላከልን፤ እኔ ሁለት ዓይነት አድርጌ ሸጥኩት። ያን ሰሞን በራሴ ጉብዝና ተኩራርቼ የአንድም ሰው ሰላምታ በወጉ አልመለስኩም።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩም። የእኛ ወር ሠላሳ ቀን ነው። የሰዓቱ ሦስተኛ ወር ሠላሳ አንድ አለው።

ሕዳር ሠላሳ አለቀ። በማግሥቱ አገር ሁሉ ታኅሣሥ አንድ ሲል፣ የእኔ ሰዓት ሕዳር ሠላሳ አንድ ብሎ ዋለ። በዓለም ላይ የሌለ ቀን ክንዴ ላይ ውሎ አደረ፤ ቁልፏን ስላልተጫንኳት አላየሁትም። በሚቀጥለው ቀን ታኅሣሥ አንድ አለ። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ ደህና ቁጥር ስለሚመስል፣ አንድ ቀን ወደ ኋላ እየጎተተኝ በሰላም ሄድን።

ታኅሣሥ አምስት ጠዋት እትዬ የክር ሣጥናቸውን እየከፈቱ፣ ዛሬ አቦ ነው፣ ያ የጋሼ ወረቀት ዛሬ አልነበረም ወይ አሉ። አቦ በየወሩ በአምስት ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። እኔ ቁልፏን ተጫንኩና ክንዴን ዘረጋሁላቸው። አራት ይላል።

«የምን አራት? ከትናንት ወዲያ ባታን አንግሼ የመጣሁት በሕልሜ ነው?»

«ምናልባት ቄሶቹ ቸኩለው ይሆናል እትዬ።»

«አንተ አፈ ሹል! ቄሶቹ ሲቸኩሉ ከተማው ሁሉ አብሮ ቸኮለ በለኛ።»

ሳቅሁ። ለሴትዮዋ ይህ ሰዓት በኤሌክትሮኒክ እንደሚሠራ፣ ዓለም ሁሉ በዚህ እንደሚተዳደር፣ እሳቸው ግን ዛሬም በታቦት ላይ እንደቀሩ አብራራሁላቸው። ከኤስ በፊት ያሉትን ቃላት ሁሉ ሳልጠቀም አልቀረሁም። ጋሼ ወረንጧቸውን አስቀምጠው አንዴ እሳቸውን አንዴ ክንዴን ያያሉ። እትዬ ልክ መሆናቸውን ለጋሼ ልባቸው የነገራቸው ይመስለኛል። ግን አርባ ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ሰዓትህን እመን ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው።

«እንግዲህ ሰዓቱ ካለ» አሉና ተዉት።

ሬዲዮ ያለው ሱቅ ሃያ እርምጃ አይርቅም ነበር። ሄዶ ቀኑ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያን ደቂቃ ዛሬም ድረስ ሳስበው ጥርሴን አፋጫለሁ። እኔ ግን አንድ ቀን ተረፈኝ ብዬ ደስ ብሎኝ፣ ማመልከቻውን ለአራተኛ ጊዜ ገለበጥኩት። የለወጥኩት አንድ ቃል ነው። የትኛው ቃል እንደነበር እንኳ አላስታውስም።

በማግሥቱ ጠዋት ጽሕፈት ቤቱ ገባሁ። ጸሐፊው ወረቀቱን ሳይቀበለኝ በጣቱ ከጀርባው ግድግዳ ላይ ያለውን በየቀኑ ገጹ የሚቀደድ የቀን መቁጠሪያ አሳየኝ። ስድስት።

«ትናንት አልቋል።»

ክንዴን ዘረጋሁ። አምስት ይላል ጓድ፣ አልኩት። ሰውየውም እጅጌውን ሰበሰበ። የእሱም አምስት ይል ነበር።

«ይህን የሸጥክልኝ አንተ ነህ» አለ ቀስ ብሎ። «በዚህ ሰዓት ምክንያት ስብሰባ አምልጦኛል። የት ነበርክ ተብዬ ተጠይቄያለሁ። ምን ብዬ ልመልስ? ሰዓቴ ሕዳር ሠላሳ አንድ ነው አለኝ ልበል?»

በዚያ ጊዜ ስብሰባ የቀረ ሰው ምን ብሎ እንደሚመልስ ማሰብ ቀልድ አልነበረም። ለመንኩት። ሽማግሌ ናቸው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አንድ ቀን ነው አልኩት። ዝርዝሩ ትናንት ማታ ታሽጎ ሄዷል አለ። ቀጥሎ መቼ እንደሚከፈት ስጠይቀው ምናልባት ሰኔ ላይ፣ ምንዛሪ ከተገኘ አለኝ። አራት ጊዜ የገለበጥኩትን ማመልከቻ አንድ መስመር ሳያነብልኝ መለሰልኝ።

ከዚያ እስከ ሳጥናችን ያለው መንገድ አጭር ነው፤ እኔ ግን በአውቶቡስ ተራ ዞሬ ሄድኩ። ስደርስ እትዬ ፊቴን አዩና አንገታቸውን ደፉ። አልተሳደቡም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ለጋሼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጋሼ ማጉያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ሰዓቴን አምጣ አሉኝ። ከሰዓቱ ጋር የሚመጣውን ወረቀት እንዳነብላቸው አዘዙኝ፤ የእያንዳንዱን ወር የቀን ብዛት፣ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት፣ ጮክ ብዬ። ወሩ ሠላሳ አንድ ባልኩ ቁጥር በጣታቸው ሳጥኑን መታ ያደርጋሉ።

«ጥፋቱ የሰዓቱ አይደለም» አሉ ስጨርስ። «የሠራው ሰው ሕዳር የሚባል ወር አያውቅም። አንተ ግን ታውቃለህ።»

ከዚያ ሌላ አንድም ቃል አልወቀሱኝም። በዚያው ቀን ለልጃቸው ደብዳቤ አስጻፉኝ። በጥር እመጣለሁ፤ ክፍል አታስለቅቂ፣ ጥግ ይበቃኛል።

በሚቀጥሉት ቀናት ግን የሸጥኩላቸው ሰዎች መምጣት ጀመሩ። አንዱ የቀበሌ ስኳር አምልጦታል። አንዱ የሠርግ ጥሪ በማግሥቱ ደርሶ አጥንት ተቀብሏል። እየመጡ ከሳጥኑ ፊት ቆመው ይሰድቡኛል። እኔ ስከራከር፣ ጋሼ ሰውየውን ወንበር ላይ ያስቀምጡና ክንዱን ይዘው፣ በዚያች የጥርስና የሞላ እጃቸው፣ ቁልፏን በወረንጦ ጫፍ እየነኩ ያስተካክላሉ። ከዚያ አሥር ሳንቲም ይላሉ። እኔ አፈርኩ፤ ጥፋቱ የእኛ ስለሆነ በነፃ እናድርግላቸው አልኳቸው።

«በነፃ የተስተካከለ ሰዓት ማን ያምናል?» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ሰዎቹ ከፈሉ፣ አመኑ፣ ሌላም ሰው ይዘው መጡ። ጥር ሲገባ ደግሞ የሚያናድደው ነገር መጣ። የሰዓቱ አራተኛ ወር ሠላሳ ቀን ስለሆነ፣ ታኅሣሥ ወደ ጥር ሲለወጥ የሚስተካከል ነገር የለም። ይህን አስቀድሜ ለሁሉም ነገርኩ። ካርቶን ላይ ጽፌ ሰቀልኩ። ጥር አንድ ጠዋት ግን ሁሉም ተሰልፈው ጠበቁኝ። ለእያንዳንዱ ቁልፏን ተጭኜ ትክክል መሆኑን ባሳየውም አንዱም አይሄድም። ጋሼ ይዩልኝ ይላል። ጋሼ ያያሉ፤ ትክክል ነው ይላሉ፤ አሥር ሳንቲሙን ይቀበላሉ። እኔ ከካርቶኔ ሥር ቆሜ አረፋ እደፍቃለሁ። በየወሩ መጀመሪያ እንደዚሁ ሆነ። ሳጥኑ ፊት ሰው ሲቆም ሌላውም ሰው የቆመ ግድግዳ ሰዓቱንና የተቋረጠ ማሰሪያውን ይዞ ይቆማል። ደሴ ሁለተኛ ደብዳቤ ሄደ። ለጥር ያልኩሽ ለሐምሌ ይሁን።

ጋሼ ግን ማንንም ከማስተካከላቸው በፊት የሚያደርጉት አዲስ ነገር ነበር። ጠዋት ሲቀመጡ ቢስሚላህ ይሉና ወደ ክሩ ሣጥን ዞር ብለው፣ «እትዬ፣ ዛሬ ማነው?» ይላሉ። እትዬ ቀና ሳይሉ ዛሬ ማርያም፣ ዛሬ ጊዮርጊስ፣ ዛሬ መድኃኔ ዓለም ይላሉ። ጋሼ የሚሞላ ሰዓታቸውን አይተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የመርካቶ ዲጂታል ሁሉ በክር ሻጭ ሴት አፍ ነበር የሚሞላው። እትዬም ይህን ስላወቁ፣ እኔ በተለይ ስጠይቃቸው አይመልሱልኝም። የኤሌክትሮኒክ ጌታ፣ ክንድህን አትጠይቅም ወይ ይሉኛል።

በሰኔ ማስታወቂያው እንደገና ተለጠፈ። የመጨረሻው ቀን አሥራ አምስት ነው። በዚህ ጊዜ ማመልከቻው ሁለት መስመር ሆነ፤ ጋሼ ራሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ብዕሬን ሲጠብቁ ጻፍኩት። እኔ ብቻዬን እንድሄድም አልፈቀዱም። በአሥራ ሁለት ቀን ጠዋት ሳጥኑን ዘግተው፣ ቆባቸውን አስተካክለው፣ ከፊቴ ከፊቴ ሄዱ።

ጸሐፊው እኔን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ወረቀቱን ከጋሼ እጅ ተቀበለ፣ አነበበው፣ ማኅተሙን መታበት፣ ቁጥር ሰጠው። ከግማሽ ዓመት በፊት አንድ ወር ለፍቼ ያልጨረስኩትን ነገር በአንድ ደቂቃ ጨረሰው። ከዚያ ከመቀመጫው ሳይነሣ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ለጋሼ ዘረጋ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይቺን ነገር ያስተካክሉልኝ። ዛሬ ስንት ነው?»

የቀን መቁጠሪያው ከጀርባው ነበር፤ ዞር ቢል ያየዋል። ጋሼም ቀና ቢሉ ያዩታል። ሽማግሌው ግን ወደ ግድግዳው አልተመለከቱም።

«ዛሬ ሚካኤል ነው» አሉ፤ የደሴው ሙስሊም፣ ወረንጧቸውን ከደረት ኪሳቸው እያወጡ። «አሥራ ሁለት።»

ባትሪዎቹ ሲመጡ ግማሾቹ ከመጠናቸው ያነሱ ሆነው ተገኙ። ጋሼ ከአሮጌ የግድግዳ ሰዓት ነሐስ ቀጫጭን ቀለበት እየቆረጡ ከበቧቸው፤ መስኮቶቹም አንድ በአንድ ቁጥር አወጡ። ያ በኋላ የመጣ ሌላ ንዴት ነው። በዚያ ቀን ግን ከጽሕፈት ቤቱ ስንወጣ፣ ቁጥር ያለበትን ወረቀት አራት ቦታ አጥፈው እየያዙ፣ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ባለው ሰዓት ላይ ጳጉሜን ምን ልናደርጋት እንዳሰብኩ ጠየቁኝ። መንገድ መሐል ቆሜ ቀረሁ።

«አብሽር፣ አምስት ቀን ናት» አሉኝ። «አሁን ወረቀት አውጣ።»

ለልጃቸው ሦስተኛውን ደብዳቤ ሳጥኑ ላይ ጻፍኩላቸው። ያሉት እንዲህ ብቻ ነው፤ ሥራ ይዤአለሁ፣ አልመጣም፣ አንቺ ነይ። አንድም ቃል አልጨመርኩበትም፣ አልገለበጥኩትም። በዚያው ቀን ፖስታ ቤት ወስጄ ከተትኩት።